ስለ እግር ኳስ ማጭበርበር ምርመራና ስለ ትክክለኛ ፍርድ

በሜዳ ላይ «ተጭበረበርን!» የሚል ጩኸት ሲነሣ ተመልካቹ ምርመራ ሳይጠብቅ ይፈርዳል። በሚዛንም ሆነ በቴፒ ከሜዳ ዳር የቆመ ሁሉ ይህን ያውቃል። ስለዚህ ምርመራ ትክክለኛ የሚባለው መቼ እንደ ሆነ ለጓደኞቻችን በምሳሌ ለማስረዳት እንሞክራለን።

በመጀመሪያ ደንብ መጣስና ማጭበርበር የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን እናስተውል። ብሔራዊ ቡድናችን ሰኔ 1 ቀን 2005 ዓ.ም. በዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ቦትስዋናን በሜዳዋ 2 ለ 1 አሸንፎ ነበር። ነገር ግን ምንያህል ተሾመ ቀደም ሲል ሁለት ቢጫ ካርድ ስላየ በዚያ ቀን መሰለፍ አይገባውም ነበር። ፌዴሬሽናችን ስሕተቱን አመነ፤ ፊፋም ጨዋታውን 3 ለ 0 ለቦትስዋና ሰጥቶ ፌዴሬሽኑን 6000 የስዊስ ፍራንክ ቀጣ። ካርዱ በመዝገብ የሰፈረ ስለ ሆነ የማንንም አሳብ መመርመር አላስፈለገም። በዚያው ማጣሪያ ቶጎ፥ ኢኳቶሪያል ጊኒና ኬፕ ቨርዴም በተመሳሳይ ጥፋት ነጥብ አጥተዋል። ደንብ ለሁሉ እኩል ሲሠራ ቅጣቱ ቢመርም በደል አይባልም።

ማጭበርበር ግን የሰውን አሳብ የሚነካ ክስ ነውና ጠንካራ ማስረጃ ይፈልጋል። ኅዳር 3 ቀን 2009 ዓ.ም. ደቡብ አፍሪካ ሴኔጋልን 2 ለ 1 ስታሸንፍ፥ ጋናዊው ዳኛ ጆሴፍ ላምፕቴ ኳሱ የተከላካዩን ጉልበት ነክቶ ሳለ «እጅ ነው» ብሎ ፍጹም ቅጣት ምት ሰጠ። ዳኛ ሊሳሳት ይችላልና፥ የውርርድ ገበያው ያልተለመደ እንቅስቃሴም ከውሳኔው ጋር ተገናዘበ። ፊፋ ዳኛውን ዕድሜ ልኩን አገደው፤ እርሱም ለስፖርት የግልግል ፍርድ ቤት ይግባኝ ቢል ቅጣቱ ጸና። ጨዋታው ኅዳር 1 ቀን 2010 ዓ.ም. ተደግሞ ሴኔጋል 2 ለ 0 አሸነፈች።

ሳይመረመር የሚቀር ክስም አለ። ኅዳር 5 ቀን 2014 ዓ.ም. ጋና ደቡብ አፍሪካን በፍጹም ቅጣት ምት 1 ለ 0 አሸንፋ፥ ኢትዮጵያም ከነበረችበት ምድብ አለፈች። የደቡብ አፍሪካ አቤቱታ የአቀራረብ ሥርዓቱን አላሟላም ተብሎ ወደ ፍሬ ነገሩ ሳይገባ ተመለሰ። ሥርዓት መጠበቅ አለበት፤ ሆኖም እንዲህ ያለው ውሳኔ የዳኛውን ንጽሕና አያስረዳም፥ የተሸናፊውንም ቅሬታ አያበርድም።

እንግዲህ ትክክለኛ ምርመራ ማለት ተከሳሹ ክሱን ዐውቆ መልስ የሚሰጥበት፥ ማስረጃው ክሱን የሚመጥንበት፥ ይግባኝም የሚፈቀድበት ነው። መርማሪውም አያዳላ። ቡናችን ለቅምሻ ሲቀርብ ናሙናው በቁጥር እንጂ በባለቤቱ ስም አይታወቅም፤ ይኸውም የባለቤቱ ማንነት ፍርዱን እንዳያዛባ ነው። መርማሪም «የማን ቡድን ነው?» ሳይል ነገሩን ብቻ ይመልከት።

በግቢያችን ውድድርም ክስ ሲነሣ ሦስት ነገር እንጠይቅ፦ የተጣሰው ደንብ የትኛው ነው? ማስረጃው ምንድን ነው? ተከሳሹስ ተናግሯልን? የተነጠቀ ዋንጫ በሚቀጥለው ዓመት ይመለሳል፤ ያለ ማስረጃ «አጭበርባሪ» የተባለ ጓደኛ ስም ግን በቀላሉ አይመለስም።