የጡረተኛ ፖሊሶች አበል ሲጨመር ኑሯቸው የማይሻሻለው ለምንድን ነው?

ለጡረተኛ ፖሊሶች የአበል ጭማሪ ሲታወጅ ቀድሞ የሚጠየቀው “ስንት በመቶ?” የሚለው ነው። የደቡብ ሱዳን ልምድ ግን ሌሎች ጥያቄዎችንም ያስነሳል፦ ከፋዩ ማን ነው? ክፍያውስ በጊዜው ይደርሳል?

የአገልግሎት ዘመኑን የሚቆጥረው ማን ነው?

ደቡብ ሱዳን እአአ በሐምሌ 2011 ነጻ ስትወጣ፣ በካርቱም መንግሥት ሥር ያገለገሉ የደቡብ ተወላጆች የጡረታ መብት የሁለት አገራት ጉዳይ ሆነ።

ሁለቱ አገራት በአፍሪካ ኅብረት አሸማጋይነት እአአ መስከረም 27/2012 አዲስ አበባ ላይ ከፈረሟቸው ስምምነቶች አንዱም፣ ከአገልግሎት በኋላ የሚከፈሉ ጥቅሞች የሚፈጸሙበትን ማዕቀፍ የሚመለከት ነበር።

ጭማሪውን የሚበላው ምንድን ነው?

እአአ በታኅሣሥ 2015 ጁባ የፓውንዱን ቋሚ ምንዛሪ ስታነሳ፣ ይፋዊው የአንድ ዶላር ዋጋ ከ2.96 ፓውንድ ወደ 18.5 ገደማ አሻቀበ። 338 ዶላር ገደማ ያወጣ የነበረ 1,000 ፓውንድ ወደ 54 ዶላር ወረደ። የቀድሞ ዋጋውን ለማስጠበቅ አበሉ ከስድስት እጥፍ በላይ ማደግ ነበረበት።

በኒምራ ታላታም ሆነ በሌሎች የጁባ ሰፈሮች የሚሸጠው ምግብ በአብዛኛው ከዩጋንዳና ከኬንያ የሚገባ በመሆኑ፣ የምንዛሪው ለውጥ ወዲያው ገበያ ላይ ይታያል።

እአአ በ2024 ደግሞ በሱዳን የሚያልፈው የነዳጅ ማስተላለፊያ ቧንቧ ተጎድቶ የመንግሥት ገቢ ሲያሽቆለቁል፣ በሥራ ላይ ያሉ ሠራተኞችና የጸጥታ አባላት ጭምር ለወራት ያለ ደመወዝ ቆይተዋል። ካዝናው ባዶ ሲሆን በወረቀት ላይ የሰፈረ ጭማሪ ትርጉም ያጣል።

የኢትዮጵያ ስሌት ምን ያሳያል?

በቀድሞው አዋጅ ቁጥር 714/2003 መሠረት፣ አሥር ዓመት ያገለገለ ጡረተኛ የመጨረሻ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዙን 30 በመቶ ያገኝ ነበር። ከዚያ በላይ ለእያንዳንዱ ዓመት ለፖሊስ 1.65፣ ለሲቪል ሠራተኛ 1.25 በመቶ ይታከል ነበር፤ ጣሪያውም 70 በመቶ ነበር። 30 ዓመት ያገለገለ ፖሊስ 63 በመቶ ይደርሰው ነበር ማለት ነው።

ይሁንና መነሻው የቀድሞ ደመወዝ በመሆኑ፣ ደመወዝ ከመሻሻሉ በፊት የተሰናበተ ፖሊስ በተመሳሳይ ማዕረግ በቅርቡ ጡረታ ከወጣው ባልደረባው ያነሰ ያገኛል። ለሁሉም እኩል በመቶኛ መጨመርም ልዩነቱን አያጠብም፦ 20 በመቶ ለ2,000 ብር አበል 400፣ ለ10,000 ብር ግን 2,000 ብር ይጨምራል። ስለዚህ ለቀድሞዎቹ ጡረተኞች ከመቶኛው ይልቅ ዝቅተኛው የአበል ወለል ከፍ ማለቱ ይበልጥ ይጠቅማል።