ጋይንትን፣ እስቴንና ሲማዳን ለሚጎበኝ

በ1955 እ.ኤ.አ. ቶማስ ፓከንሃም የሚባል ወጣት እንግሊዛዊ በበቅሎ ጋይንት ገባ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በ1959 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ፣ ማንም ያልጻፈለት የመካከለኛው ዘመን ቤተ ክርስቲያን እንዳገኘ ለአገሩ አንባቢ ነገረ። ያገኘው ቤተልሔምን ነበር። ፓከንሃም የሚመሰገንበት ነገር አለ፤ የድንጋዩን ሥራ ዕድሜና ጥራት ልብ ብሎ ለውጭው ዓለም አስተዋውቋል። ይሁንና እሱ ከመወለዱ ከብዙ ትውልድ በፊት፣ ከትግራይ እስከ ሸዋ ድጓ የሚማር ሁሉ ቤተልሔምን በስም ያውቃት ነበር። ከደብር ደብር እየተዘዋወረ ዜማ ያጠና ተማሪ ትምህርቱን የሚያስመሰክረው እዚያ ነውና።

ለዚህ ነው ምሥራቅ ደቡብ ጎንደርን ሊጎበኝ ለተነሣ ሰው አስቀድሜ ስለ ዜማ የምነግረው። ጎንደር ከተማ ግንቦቿን ታሳያለች፤ ላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናቱን ያሳያል። የጋይንትና የእስቴ ትልቁ ቅርስ ግን የሚደመጥ ነው። ካሜራ ብቻ ይዞ ሄዶ በግማሽ ሰዓት የሚመለስ እንግዳ ዋናውን ነገር ሳያገኝ ይመለሳል።

መንገዱ ከባሕር ዳር ተነሥቶ በወረታ በኩል ወደ ደብረ ታቦር ይወጣል፤ እስከዚያ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከደብረ ታቦር በኋላ ጉና ተራራ ይጀምራል። ከፍታው ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ ጣናን የሚመግቡት ርብና ጉማራ የሚነሡት ከዚሁ ተራራ ነው። ደጋው ገብስና ድንች ያበቅላል፤ ብርዱም ብርቱ ስለሆነ በክረምት የሚሄድ ሰው ጋቢ አይርሳ። ክምር ድንጋይን አልፎ የላይ ጋይንት ከተማ ነፋስ መውጫ ይደረሳል። የአካባቢው ሰው እስከ ወልድያ የሚዘልቀውን ይህን ጎዳና ዛሬም «የቻይና መንገድ» ይለዋል፤ በደርግ ዘመን የሠሩት ቻይናውያን ናቸውና።

በዚሁ አገር አስቀድሞ ሌላ መንገድ ተጠርጎ ነበር። አፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ደብረ ታቦርን ለቀው ወደ መቅደላ ሲዘምቱ፣ በጋፋት ያሠሩትን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ጭነው ነበር። ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነው ያ መድፍ በጋይንትና በወድላ በኩል በሰው ጉልበት እየተጎተተ፣ ዐለት እየተፈለጠለት ወራት ፈጅቶ መቅደላ ደረሰ። ንጉሡ ራሳቸው ከሠራዊቱ ጋር ድንጋይ ያነሡ እንደነበር በዘመኑ የነበሩ የውጭ ሰዎች ጽፈዋል። በመኪና ተቀምጦ የጨጨሆን ገደል ቁልቁል የሚያይ ሰው ያ ሥራ ምን ያህል እንደነበረ ማንም ሳያስረዳው ይገባዋል።

ወደ ቤተልሔም እንመለስ። ከውጭ ለሚያያት እንደማንኛውም የደጋ ደብር ክብ ናት። ወደ ውስጥ የዘለቀ ግን በክቡ ግድግዳ መካከል ሌላ ቤት ያገኛል፤ በጥንቃቄ ከተጠረበ ድንጋይ የተሠራ፣ አራት ማዕዘን ያለው፣ የአክሱምን የአሠራር ፈለግ የተከተለ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ነው። በአገራችን ክብ አሠራር የተስፋፋው በኋለኛው ዘመን ነው፤ ጥንታውያኑ በአብዛኛው ባለ አራት ማዕዘን ናቸው። የቤተልሔም ሰዎች አሮጌውን አላፈረሱም፤ አዲሱን በዙሪያው ሠርተው ከዝናብና ከነፋስ ጋረዱት። እኔ ይህን የአባቶች ውሳኔ እጅግ አከብራለሁ። ጥንታዊው ሕንፃ እስከ ዛሬ የቆየው በዚህ ነው፤ መንገደኛ አይቶ ያላወቀውም በዚሁ ነው።

ድጓ የቅዱስ ያሬድ ድርሰት ነው። ቤተ ክርስቲያን እንደምታስተምረው ያሬድ በስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአፄ ገብረ መስቀል ዘመን የነበረ ሲሆን፣ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ የተባሉትን ሦስት የዜማ ስልቶች ለቤተ ክርስቲያን ሰጥቷል። ድጓ የዓመቱን በዓላትና ወቅቶች ተከትሎ የሚሄድ መጽሐፍ ነው፤ የዐቢይ ጾሙ ክፍል ጾመ ድጓ ተብሎ ለብቻው ይቆማል። ከቃሉ በላይ በደቃቅ ፊደል የተጻፉት ምልክቶች ዜማውን ይመራሉ፤ ይዘት፣ ደረት፣ ድፋት፣ ጭረት፣ ቅናት፣ ቁርጥ፣ ርክርክና ሂደት የሚባሉት ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። ይሁን እንጂ ምልክቱን ያጠና ሁሉ ዜማውን ያውቃል ማለት አይደለም። ምልክቱ የሚያስታውሰው ከመምህር አፍ የሰማውን ነው። ያልሰማ ሰው መጽሐፉን ቢገልጥ ዝም ብሎ ያያል።

ስለዚህ ተማሪው ከመምህሩ እግር ሥር ዓመታት ይቀመጣል። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ከመንደር መንደር ቁራሽ ለምኖ፣ በራሱ እጅ በሠራት ጎጆ ያድራል። ቀድሞ የራሱን ድጓ በብራና ጽፎ መጨረስም ከትምህርቱ ጋር የሚሄድ ድካም ነበር። ድጓ ሲዘምሩ ቤት ይለያል፤ ቤተልሔም፣ ቆማ፣ አጫብርና ተጉለት የየራሳቸው አካሄድ አላቸው። ከእነዚህ ሁሉ የማስመስከሪያነቱ ክብር የቤተልሔም ነው። አበው ሲናገሩ፣ በግራኝ ጦርነት መጻሕፍት በየቦታው ሲቃጠሉ ድጓው ተርፎ የተገኘው በቤተልሔም ነው ይላሉ። ሌላ ቦታ ዘልቆ የተማረ ሊቅ እንኳ እዚህ መጥቶ በመምህሩ ፊት አዚሞ ሲታረምና ሲመሰከርለት ነው ለማስተማር የሚበቃው።

ጎብኚ ይህን መስማት ከፈለገ በዓል መርጦ ይሂድ። በዋዜማው ገብቶ መሪጌታውን ፈቃድ ጠይቆ ሌሊቱን ማኅሌት ይቁም። ጫማውን ያወልቃል፣ ነጠላ ይለብሳል፣ ፎቶ ሳይፈቀድለት አያነሣም። በአዘቦት ቀን የሚሄድ ደግሞ ወደ ጉባኤ ቤቱ ይሂድ፤ ተማሪው ቃሉን ሲያወርድ፣ መምህሩ ሳያይ በጆሮው ብቻ ሲያርመው ይሰማል። ስጦታ ላምጣ ለሚል፣ ለተማሪ እህልና ልብስ ከሁሉ ይበልጣል።

ዙር አባም በጋይንት የታወቀ ስም ነው። ያሬድ ከአፄ ገብረ መስቀልና ከአቡነ አረጋዊ ጋር ወደዚያ እንደመጣ፣ ዝማሬና መዋስዕትንም በዚያ እንደደረሰ በትውፊት ይነገራል። ዝማሬ ከቁርባን በኋላ የሚዜም ሲሆን ኅብስት፣ ጽዋዕ፣ መንፈስ፣ አኰቴትና ምስጢር ተብሎ በአምስት ይከፈላል፤ መዋስዕት ለሙታን መታሰቢያ ነው። የእነዚህ ምስክር ቤት ዙር አባ ነው። አቋቋም ጎንደር በአታ፣ ቅዳሴ ደብረ ዓባይና ሰለልኩላ እንደሚመሰከር ሁሉ፣ ድጓና ዝማሬ መዋስዕት የጋይንት ድርሻ ሆነዋል። አንድ አውራጃ ሁለት የምስክር ቤት መያዙ ቀላል ነገር አይደለም፤ የክልሉ የጉብኝት መጽሔቶች ለዚህ የሚሰጡት ቦታ ግን እጅግ ያንሳል።

ወደ እስቴ የሚሻገር ሰው ቆማ ፋሲለደስን ይጎብኝ፤ ቤተልሔምን ሰምቶ በሳምንቱ ቆማን የሰማ ሁለቱን ስልቶች ማነጻጸር ይችላል። ይህን ዕድል ሌላ ቦታ በቀላሉ አያገኘውም።

በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ የሰሜኑ ጦርነት እስከ ጋይንት ደርሶ ነፋስ መውጫ ተይዛ ነበር፤ ሕዝቡም ብዙ ተጎድቷል። ዛሬም ጉዞ ከማሰብ በፊት የመንገዱን ሰላም ከአገሩ ሰው መጠየቅ ግድ ነው።

ሲማዳ ከሁሉ ራቅ ይላል። ደጋው እየወረደ ሄዶ በዓባይና በበሽሎ ሸለቆዎች ላይ ያበቃል፤ ከዓባይ ማዶ ጎጃም፣ ከበሽሎ ማዶ ወሎ ነው። በዚያ በወሎው በኩል፣ በሳይንት፣ ተድባበ ማርያም አለች። በትውፊት እንደሚነገረው በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን (1540–1559 እ.ኤ.አ.) አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የድጓውን ምልክት የሠሩት በዚያ ነው። ቤተልሔም ላይ ተማሪው በጣቱ እየተከተለ የሚያዜመው ምልክት ከሸለቆው ማዶ የመጣ ነው ማለት ነው፤ ጊዜና ጉልበት ያለው ጎብኚ ጉዞውን እስከዚያ ቢያረዝመው የድጓውን ታሪክ በሁለቱም በኩል ያያል።