በኢንተርቪው ላይ ቀጣሪውም ይፈተናል

አዲስ የመጣ ዘመድ ሥራ ሲፈልግ ቀድሞ የሚደውለው ታክሲ ወደሚነዳው ወይም ሱቅ ወደከፈተው ወገኑ ነው። እኛም «እገሌ ጋ ሰው ይፈልጋሉ» ብለን እንልከዋለን። በሰዓቱ እንዲደርስ፣ ሸሚዙን እንዲተኩስ እንመክረዋለን። ቀጣሪውን እንዴት እንደሚመዝን ግን አንነግረውም። ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ነውና፣ ኋላ ሽማግሌ የማይፈታው የደመወዝ ጣጣ ብዙ ጊዜ በኢንተርቪው ላይ ምልክት ያሳያል። እዚህ አሜሪካ ልብ ሊባሉ የሚገባቸው አራት ናቸው።

አንደኛ፣ ስለ ክፍያ ሲጠየቅ የሚሸሽ ቀጣሪ። «ሥራህን ልየው፣ በገንዘብ አንጣላም» መልስ አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ1938 የወጣው የፌዴራል ሕግ አብዛኛው የሰዓት ተከፋይ በሳምንት ከ40 ሰዓት በላይ ለሠራው አንድ ተኩል እጥፍ እንዲከፈለው ያዛል። የፌዴራሉ ዝቅተኛ ክፍያ ከ2009 ጀምሮ በሰዓት 7 ዶላር ከ25 ሳንቲም ሲሆን፣ እንደ ዋሽንግተን ዲሲ ያሉ ቦታዎች ከዚህ እጅግ የበለጠ ይጠይቃሉ።

ሁለተኛ፣ «የምንከፍለው በ1099 ነው» የሚል። ደብልዩ-2 የሚሰጠው ተቀጣሪ 15.3 በመቶ የሆነውን የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር ታክስ ከቀጣሪው ጋር እኩል ይካፈላል። በ1099 ግን ሙሉው በእሱ ላይ ይወድቃል። ሰዓቱንና አሠራሩን ቀጣሪው የሚወስንለት ካሸር ወይም የፓርኪንግ ሠራተኛ እንደ ግል ነጋዴ ሊቆጠር አይገባም።

ሦስተኛ፣ ወረቀት የሚይዝ። ለአይ-9 ፎርም ከተፈቀዱት ሰነዶች የትኛውን እንደሚያቀርብ የሚመርጠው ሠራተኛው ነው። ቀጣሪው አይቶ፣ ከፈለገም ኮፒ አድርጎ ይመልሳል። «ግሪን ካርድህ እኛ ጋ ይቀመጥ» ከተባለ ተነስቶ መሄድ ነው።

አራተኛ፣ «አንድ ሳምንት በነፃ ተለማመድ»፣ «መያዣ አምጣ»፣ «ሒሳብ ከጎደለ ካንተ ይቆረጣል» የሚል። ቅነሳው ክፍያውን ከዝቅተኛው በታች ካወረደው በፌዴራል ሕግ ክልክል ነው።

ወደ ኢንተርቪው የሚሄደው ሰው ሦስት ነገር በትሕትና ይጠይቅ፦ ከእኔ በፊት የነበረው ለምን ለቀቀ? የሥራ ሰዓት የሚመዘገበው እንዴት ነው? ከቼኩ ጋር የተቀነሰውን የሚያሳይ ወረቀት ይሰጣል? በዚህ የሚቆጣ ቀጣሪ መልሱን ሰጥቷል።

እርግጥ የቤት ኪራይ የደረሰበት ሰው ምልክቱን እያየም ሊገባ ይችላል፤ አንፈርድበትም። ግን ከመጀመሪያው ቀን አንስቶ የገባበትንና የወጣበትን ሰዓት በደብተር ይመዝግብ። ያልተከፈለ ደመወዝ በፌዴራል ሕግ የሚጠየቀው በ2 ዓመት ውስጥ፣ ሆን ተብሎ ከተደረገም በ3 ዓመት ውስጥ ነው። አቤቱታ የሚቀበለው የሌበር ዲፓርትመንት የደመወዝና የሥራ ሰዓት ክፍል ስልክ 1-866-487-9243 ነው። ወረቀት የሌለውም ቢሆን ለሠራበት ሰዓት ሕጉ ይጠብቀዋል።

በመጨረሻም ለባለሱቆች አንድ ቃል። እኛም ቀጣሪዎች ነን። «የሰው አገር ነው፣ እንረዳዳ» ብለን የቀጠርነው ወገን ሰዓቱ ሲጎድልበት በእኛ ላይ የሚያየው ይህንኑ ምልክት ነው። ለእህታችን ልጅ የማንወደውን መልስ፣ በራችንን አንኳኩቶ ሥራ ለጠየቀን ሰው አንስጥ።

ቸር ይግጠመን።