ከደካማ የውድድር ዘመን በኋላ፦ የአሠልጣኝ ዕጣ በምን ይመዘን?

በዋግ ኽምራ ብሔረሰብ አስተዳደር ዋና ከተማ ሰቆጣም ሆነ በሌሎች የአገሪቱ ከተሞች አንድ የኮሌጅ፣ የወረዳ ወይም የከተማ እግር ኳስ ቡድን የተጠበቀበትን ውጤት ሳያስመዘግብ የውድድር ዘመኑ ሲጠናቀቅ፣ ከሁሉ አስቀድሞ የሚነሳው ጥያቄ “አሠልጣኙ ይቀጥል ወይስ ይሰናበት?” የሚል ነው። ጥያቄው በደጋፊዎች መካከል የሚነሳ የሻይ ቤት ወግ ብቻ ተደርጎ የሚታይበት ጊዜ ብዙ ነው። ይሁን እንጂ ውሳኔው በአብዛኛው የሚሰጠው በመንግሥት መሥሪያ ቤት ስብሰባ ላይ በመሆኑ የሥራ ኃላፊዎችን በቀጥታ የሚመለከት ጉዳይ ነው።

እንደሚታወቀው በአገራችን በየደረጃው ከሚወዳደሩ ክለቦች ውስጥ ብዙዎቹ በከተማ አስተዳደሮች በጀት የሚተዳደሩ ናቸው። የኮሌጅና የዩኒቨርሲቲ ቡድኖችም ወጪያቸው የሚሸፈነው ከተቋማቱ በጀት ነው። አሠልጣኝ የሚቀጠረውም ሆነ የሚሰናበተው የመንግሥት ኃላፊዎች በሚገኙባቸው ቦርዶችና ኮሚቴዎች ውሳኔ ነው። ለተወሰነ ጊዜ የተፈረመ የሥራ ውል ያለ በቂ ምክንያት ሲቋረጥ የሚከተለው ካሣም የሚከፈለው ከሕዝብ ገንዘብ ነው።

በመሆኑም የአንድን ቡድን ደካማ ውጤት መገምገም የማንኛውንም የሥራ ክፍል አፈጻጸም ከመገምገም የተለየ ጥንቃቄ የሚያሻው አይደለም። ችግሩ የማን ነው? በአሠልጣኙ እጅ የነበረውና ያልነበረው ምንድን ነው? ሰውየው ቢሰናበት ችግሩ አብሮት ይሰናበታል ወይስ ለተተኪው ይቆየዋል? የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን ያለፉት ዓመታት ጉዞ ለእነዚህ ጥያቄዎች ግልጽ የሆነ ትምህርት ይሰጣል።

ከ31 ዓመታት በኋላ የመጣ ደስታ

ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. በአሠልጣኝ ሰውነት ቢሻው የሚመራው ብሔራዊ ቡድን አዲስ አበባ ላይ ሱዳንን 2 ለ 0 በማሸነፍ ለአፍሪካ ዋንጫ አለፈ። በካርቱም 5 ለ 3 ተሸንፎ የነበረው ቡድን ያለፈው ከሜዳ ውጭ ባገባቸው ግቦች ብልጫ ነው። ኢትዮጵያ ከዚያ በፊት በአፍሪካ ዋንጫ የተሳተፈችው በ1974 ዓ.ም. ሊቢያ ላይ በመሆኑ ድሉ ከ31 ዓመታት ቆይታ በኋላ የተገኘ ነበር።

በጥር 2005 ዓ.ም. በደቡብ አፍሪካ በተካሄደው ውድድር ቡድኑ ሦስት ጨዋታዎችን አድርጎ ያገኘው አንድ ነጥብ ብቻ ነው። በሠንጠረዥ ላይ ሲታይ ከምድቡ የመጨረሻ ደረጃ ነው። ይሁንና ዝርዝሩን ለሚመረምር ሰው አንዱ ነጥብና ሁለቱ ሽንፈቶች የተለያየ ትርጉም አላቸው።

ቡድኑ በመጀመሪያው ጨዋታ ግብ ጠባቂው ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ከወጣበት በኋላ በ10 ተጫዋቾች ተጫውቶ፣ በወቅቱ የዋንጫው ባለቤት ከነበረችው ዛምቢያ ጋር በአዳነ ግርማ ግብ 1 ለ 1 ተለያይቷል። በሁለተኛው ጨዋታ በቡርኪናፋሶ 4 ለ 0፣ በሦስተኛው በናይጄሪያ 2 ለ 0 ተሸንፏል። ለዋንጫ የተጋጠሙት ሁለቱ ቡድኖች ደግሞ እነዚሁ ናይጄሪያና ቡርኪናፋሶ ነበሩ። በአንድ ምድብ ውስጥ የዋንጫውን ባለቤትና ሁለቱን የፍጻሜ ተጋጣሚዎች ያገኘ ቡድን በነጥብ ብዛት ብቻ ሊመዘን እንደማይገባ ግልጽ ነው።

በሌላ በኩል የተጋጣሚ ክብደት ለሁሉም ድክመት መሸፈኛ አይሆንም። በቡርኪናፋሶው ጨዋታ የተጋጣሚው ግብ ጠባቂ በቀይ ካርድ ሲወጣ ውጤቱ ገና 1 ለ 0 ነበር። የኢትዮጵያ ቡድን በቁጥር ብልጫ እየተጫወተ ተጨማሪ ሦስት ግቦች ተቆጥረውበታል። ግብ ለማግባት ሁሉም ወደፊት በሚገሰግስበት ጊዜ የኋላውን ክፍል ማን እንደሚጠብቅ መወሰን የአሠልጣኙ የሥራ ድርሻ ነው። ትክክለኛ ግምገማ እንዲህ ያለውን ለይቶ የሚያወጣ ነው።

ከሜዳ ውጭ የጠፋ 3 ነጥብ

ሁለተኛው ትምህርት የተገኘው ከዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ነው። ሰኔ 9 ቀን 2005 ዓ.ም. ኢትዮጵያ አዲስ አበባ ላይ ደቡብ አፍሪካን 2 ለ 1 አሸነፈች። ሕዝቡ በየጎዳናው ደስታውን በሚገልጽበት በዚያው ዕለት የዓለም አቀፉ እግር ኳስ ፌዴሬሽን ፊፋ ቡድኑ ቀደም ሲል ቦትስዋናን 2 ለ 1 ባሸነፈበት ጨዋታ ያልተገባ ተጫዋች አሰልፏል በሚል ምርመራ መጀመሩን አስታወቀ።

ምንያህል ተሾመ ቀደም ባሉት ጨዋታዎች ባያቸው ሁለት ቢጫ ካርዶች ምክንያት አንድ ጨዋታ መቀጣት ሲገባው ተሰልፎ ነበር። በዚህም የቦትስዋናው ድል ተሰርዞ ወደ 3 ለ 0 ሽንፈት ተለወጠ፤ ፌዴሬሽኑም ተቀጣ። ቡድኑ ጳጉሜን 2 ቀን 2005 ዓ.ም. መካከለኛው አፍሪካን 2 ለ 1 በማሸነፍ ምድቡን በ13 ነጥብ በበላይነት ባያጠናቅቅ ኖሮ ይህ ስህተት ብቻውን ከውድድሩ ያስወጣው ነበር።

ጉዳዩ ለሥራ ኃላፊዎች ትልቅ ትርጉም አለው። የካርዶች መዝገብ መያዝ፣ የቅጣት ደብዳቤዎችን መከታተልና ከጨዋታ በፊት ማመሳከር የልምምድ ሜዳ ሥራ ሳይሆን የጽሕፈት ቤት ሥራ ነው። አሠልጣኙ ማን እንደተቀጣ የመጠየቅ ግዴታ ቢኖርበትም፣ መረጃው ከፌዴሬሽኑ ጽሕፈት ቤት እስከ ቡድን መሪው ድረስ የሚደርስበት መስመር ካልተዘረጋ አሠልጣኝ በመለወጥ የሚስተካከል አይሆንም።

አሠልጣኞች ሲለዋወጡ

በ2006 ዓ.ም. መጀመሪያ ቡድኑ ለዓለም ዋንጫ ለማለፍ ባደረገው የመጨረሻ ማጣሪያ በናይጄሪያ አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 1፣ ካላባር ላይ 2 ለ 0 ተሸንፎ ቀረ። በዚያው ዓመት ጥር ወር በአገር ውስጥ ሊግ የሚጫወቱ ብቻ በሚሳተፉበት የአፍሪካ አገራት ሻምፒዮና፣ በተለምዶ ቻን በሚባለው ውድድር፣ በሊቢያ፣ በኮንጎና በጋና ተሸንፎ አንድም ግብ ሳያስቆጥር ተመለሰ። አሠልጣኝ ሰውነት ቢሻውም ወዲያው ከኃላፊነታቸው ተነሱ። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል እንደሚባለው፣ ከአንድ ዓመት በፊት በጀግንነት የተወደሱት ሰው ለሁሉም ጉድለት ብቸኛ ተጠያቂ ተደርገው ታዩ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ማየት ጠቃሚ ነው። ፖርቱጋላዊው ማሪያኖ ባሬቶ በ2006 ዓ.ም. ተሾሙ። ለ2015 እ.ኤ.አ. የአፍሪካ ዋንጫ በተደረጉ ስድስት የማጣሪያ ጨዋታዎች ቡድኑ አንድ አሸንፎ፣ በአንድ አቻ ወጥቶና በአራት ተሸንፎ በ4 ነጥብ የምድቡ መጨረሻ ሆነ። እርሳቸውም በ2007 ዓ.ም. ተሰናበቱ። ተተኪያቸው አሠልጣኝ ዮሐንስ ሳህሌ ቡድኑ በአልጄሪያ 7 ለ 1 ከተሸነፈ በኋላ በ2008 ዓ.ም. ተነሱ። ገብረመድኅን ኃይሌ፣ አሸናፊ በቀለና አብርሃም መብራቱ በየተራቸው ኃላፊነቱን ተረክበዋል።

ቡድኑ ለአፍሪካ ዋንጫ ዳግም ያለፈው መጋቢት 21 ቀን 2013 ዓ.ም. በአሠልጣኝ ውበቱ አባተ መሪነት ነው። ከሰውነት ቢሻው መነሳት እስከዚህ ቀን ሰባት ዓመታት አልፈዋል፤ ስድስት አሠልጣኞችም ተፈራርቀዋል። የሰው መለዋወጥ ብቻውን መፍትሔ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ጊዜ ባልወሰደ ነበር።

የ2013ቱ ስኬት ራሱ አንድ ልብ ሊባል የሚገባው ስሌት አለው። ኢትዮጵያ በማጣሪያው 9 ነጥብ ስታገኝ ተከታይዋ ማዳጋስካር 8 ነጥብ ነበራት። ከዘጠኙ ነጥቦች ሦስቱ የተገኙት ኅዳር 9 ቀን 2012 ዓ.ም. ባሕር ዳር ላይ ኮትዲቯር 2 ለ 1 በተሸነፈችበት ጨዋታ ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ አሠልጣኙ አብርሃም መብራቱ ነበሩ። እርሳቸው ቡድኑ ሲያልፍ በኃላፊነት ላይ አልነበሩም። አንድ ሰው የዘራውን ሌላው ሊያጭደው እንደሚችል ይህ በቂ ማሳያ ነው። ቀሪዎቹን 6 ነጥቦች ያመጣው ተተኪው አሠልጣኝ በመሆኑም ለውጥ ሁልጊዜ ስህተት ነው ማለት አይቻልም።

ሜዳና በጀት የማን ኃላፊነት ነው?

አሠልጣኝ ሊወስንባቸው የማይችሉ ጉዳዮች መኖራቸውን የ2014 እና የ2015 ዓ.ም. ማጣሪያዎች አሳይተዋል። በአገር ውስጥ የሚገኙ ስታዲየሞች የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ካፍ የሚጠይቀውን መመዘኛ ባለማሟላታቸው ብሔራዊ ቡድኑ “የሜዳውን” ጨዋታ በሰው አገር ለማድረግ ተገደደ። በሰኔ 2014 ዓ.ም. ግብፅን 2 ለ 0 ያሸነፈው በማላዊ ሜዳ ነው። በመጋቢት 2015 ዓ.ም. ደግሞ ከጊኒ ጋር ሁለቱንም ጨዋታዎች ሞሮኮ ላይ አድርጎ 2 ለ 0 እና 3 ለ 2 ተሸነፈ፤ አሠልጣኝ ውበቱም በቀጣዩ ወር ከኃላፊነታቸው ተለያዩ። የመልበሻ ክፍልና የመጫወቻ ሣር መመዘኛ ማሟላት ግን የአሠልጣኝ የሥራ ዝርዝር አይደለም።

ስታዲየም መኖሩ ብቻም ዋስትና አይሆንም። ለሰቆጣ ቅርብ ከሆኑት ከተሞች አንዷ በሆነችው ወልድያ በ2009 ዓ.ም. ዘመናዊ ስታዲየም ተመርቋል። የከተማዋ ክለብ ግን በ2010 ዓ.ም. ከፕሪሚየር ሊጉ ወርዷል። ሜዳ፣ በጀት፣ አስተዳደርና ሥልጠና ተደጋግፈው ካልሄዱ አንዱ የሌላውን ጉድለት መሙላት አይችልም።

የዋግ ኽምራ ሁኔታ

ይህ መመዘኛ ወደ ዋግ ኽምራ ሲመለስ ይበልጥ ትርጉም ያገኛል። ሰቆጣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2 ሺህ 200 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የምትገኝ ከተማ ስትሆን፣ እንደ አበርገሌ፣ ዝቋላና ሳህላ ያሉት ወረዳዎች ወደ ተከዜ ተፋሰስ የሚያዘነብሉ ቆላማ አካባቢዎች አሏቸው። ከቆላ ወደ ደጋ የመጣ ተጫዋች ሰውነቱ ከስስ አየር ጋር እስኪላመድ ቀናት ሳምንታትም ሊወስድበት ይችላል። አካባቢው ገደላማና ወጣ ገባ በመሆኑ ደልዳላ ሜዳ ማግኘትም ቀላል አይደለም።

ከዚህም ባሻገር አካባቢው በተደጋጋሚ ድርቅ የሚጠቃ ሲሆን፣ በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደርሶበት ብዙ ነዋሪዎች ተፈናቅለዋል። እንዲህ ባለ ሁኔታ ያለፉ ወጣቶችን ሰብስቦ ቡድን የሚያቋቁም አሠልጣኝ በአንድ ዓመት የደረጃ ሠንጠረዥ ብቻ ሊመዘን አይገባም።

ለንጽጽር ያህል በዚችው ከተማ ስም የተሰየመውን የሰቆጣ ቃል ኪዳን ማንሳት ይቻላል። ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚታየውን መቀንጨር በ2030 እ.ኤ.አ. ለማስቆም መንግሥት በ2007 ዓ.ም. የገባው ይህ ቃል ኪዳን በምዕራፎች ተከፋፍሎ የ15 ዓመት ጊዜ የተሰጠው ነው። በየምዕራፉ የሚጠበቀው ተለይቶ ስለተቀመጠ ግምገማው በስሜት ሳይሆን በዕቅድ ላይ ይመሠረታል። የአንድ ቡድን ግንባታ የዚህን ያህል ዘመን ባይፈልግም፣ ግቡን በቅድሚያ በጽሑፍ ማስቀመጥ ግን ለሁለቱም ያስፈልጋል።

ከውሳኔ በፊት ሊነሱ የሚገባቸው ጥያቄዎች

ከላይ ከተመለከቱት ልምዶች በመነሳት፣ የሚመለከታቸው ቦርዶችና ኮሚቴዎች የስንብት ደብዳቤ ከመጻፋቸው በፊት አራት ጥያቄዎችን ቢመልሱ ይበጃል።

አንደኛ፣ አሠልጣኙ ሲቀጠር የተሰጠው ግብ ምን ነበር? ወጣቶችን እንዲያፈራ የተቀጠረን ሰው ዋንጫ አላመጣህም ብሎ መውቀስ ከውሉ ውጭ መፍረድ ነው።

ሁለተኛ፣ የተገባለት ቃል ተፈጽሟል? ደመወዝ፣ ትጥቅ፣ መጓጓዣና የልምምድ ሜዳ በወቅቱ ካልቀረቡ ጉድለቱ በቅድሚያ የአስተዳደሩ ነው።

ሦስተኛ፣ ቡድኑ ከውድድር ዘመኑ መጀመሪያ ይልቅ በመጨረሻው ተሻሽሏል? ተመሳሳይ ስህተት ሳይታረም ከጨዋታ ጨዋታ የሚደገም ከሆነ፣ ተጫዋቾቹም አሠልጣኙን መስማት ካቆሙ፣ ለውጥ ማድረግ ተገቢ ነው። በዚህ ጊዜ ውሳኔውን ማዘግየትም ራሱን የቻለ ጥፋት ይሆናል።

አራተኛ፣ የሚተካው ሰው ምን የተለየ ነገር ይዞ ይመጣል? ለዚህ መልስ ሳይኖር የሚደረግ ስንብት የደጋፊን ቁጣ ለአንድ ሰሞን ከማብረድ ያለፈ ፋይዳ የለውም።

የአራቱ ጥያቄዎች መልስ በቃለ ጉባዔ ሊሰፍር ይገባል። አሠልጣኙም በስብሰባው ተገኝቶ የራሱን ሪፖርት የማቅረብና የመደመጥ ዕድል ሊሰጠው ይገባል። ይህ ሲሆን የሚቀጥለው ጥፋቱን አውቆ ይቀጥላል፤ የሚሰናበተውም ምክንያቱን አውቆ ይሄዳል። ከሁሉም በላይ፣ በአስተዳደሩ በኩል የታየው ጉድለት ከአሠልጣኙ ስም ጋር ተሸፋፍኖ ሳይወጣ በጽሕፈት ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ይቀራል፤ እርማት የሚያገኘውም ያን ጊዜ ነው።