ወንበር፣ ድምፅ፣ መስተንግዶ፦ የቴአትር አዳራሽ እንዴት ይሠራል?

ቴአትር አልቆ ሰው ከአዳራሽ ሲወጣ፣ ስለ ድርሰቱና ስለ ተዋንያኑ ከሚነሣው ወሬ ጎን ለጎን ሌላ ወሬ ይሰማል። አንዱ «ከኋላ ስለነበርኩ ግማሹን አልሰማሁትም» ይላል። ሌላዋ ከፊቷ የተቀመጠ ረጅም ሰው መድረኩን ጋርዶባት እንዳመሸ ትናገራለች። ሦስተኛው፣ መጋረጃው ከተከፈተ በኋላ እየተንጠባጠቡ የገቡ ሰዎች ወንበር ፍለጋ በፊቱ ሲመላለሱ የመጀመሪያው ትዕይንት እንዳመለጠው ያማርራል። አንዱ ስለ ድምፅ፣ አንዷ ስለ መቀመጫ፣ አንዱ ስለ መስተንግዶ የሚያወሩ ይመስላሉ።

አዳራሽ የሚሠሩ ባለሙያዎች ግን ሦስቱን ነጣጥለው አያዩአቸውም። ወንበሩ ድምፁን ይለውጣል፤ የወንበሩ አደራደር ዕይታንም መስማትንም ይወስናል፤ በር ላይ የሚቆመው አስተናጋጅ ድምፅ የሚሰማበትን ጸጥታ ይጠብቃል። ቴአትር ቤትን ለመተዋወቅ የሚሻለው መንገድም ይህን ትስስር መከተል ነው።

ከትራስ የተገኘ ሳይንስ

እ.ኤ.አ. በ1895 በአሜሪካ የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ አዲሱን የፎግ ሙዚየም ሲከፍት፣ በውስጡ የነበረው የንግግር አዳራሽ ሊሠራበት የማይቻል ሆኖ ተገኘ። መምህሩ የተናገረው ቃል ከግድግዳ ወደ ግድግዳ እየተላተመ ከ5 ሰከንድ በላይ ሳይጠፋ ይቆያል። የመጀመሪያው ቃል ሳይከስም ሌሎች ብዙ ቃላት ይደረቡበታል፤ ተማሪው የሚሰማው ጩኸት ብቻ ነው። የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ቻርልስ ኤልየት መላ እንዲፈልግ የጠየቁት ዋላስ ሳቢን የተባለ ወጣት የፊዚክስ መምህር ነበር።

ሳቢን ሥራውን የሚሠራው ከተማው ጸጥ በሚልበት ሌሊት ነው። በአቅራቢያው ካለው ከሳንደርስ ቴአትር የወንበር ትራሶችን ከረዳቶቹ ጋር እየተሸከመ ወደ ፎግ ያስገባል። የኦርጋን ቱቦ ይነፋል፤ ድምፁ ሲቋረጥ ርዝራዡ ጨርሶ እስኪጠፋ ያለውን ጊዜ ይለካል። ጥቂት ትራሶች ይጨምርና እንደገና ይለካል። ሊነጋ ሲል ትራሶቹ ወደ ቴአትሩ ይመለሳሉ። ባዶው አዳራሽ 5 ሰከንድ ተኩል ያህል ያቆየው የነበረው ድምፅ፣ ትራሶቹ ሁሉ ሲገቡ በ1 ሰከንድ ገደማ ውስጥ ይጠፋ ጀመር።

ሳቢን ከእነዚህ ሌሊቶች ያወጣው ሕግ ዛሬም የአዳራሽ ሥራ መነሻ ነው። አዳራሹ በሰፋና ጣሪያው ከፍ ባለ ቁጥር ድምፅ ይቆያል፤ ድምፅ የሚውጥ ነገር በበዛ ቁጥር ድምፅ ቶሎ ይጠፋል። መለኪያ አድርጎ የተጠቀመበት የተከፈተ መስኮት ነበር። በመስኮት የወጣ ድምፅ አይመለስምና፣ እያንዳንዱ ነገር ስንት ካሬ ሜትር የተከፈተ መስኮት ያህል ድምፅ እንደሚውጥ አሰላ። በዚህ ስሌት ልብሱን የለበሰ አንድ ሰው ግማሽ ካሬ ሜትር ያህል መስኮት ነው። አዲስ የተከራየነው ባዶ ቤት እያስተጋባ ቆይቶ፣ አልጋው፣ ምንጣፉና መጋረጃው ሲገባ ጸጥ የሚለው በዚሁ ምክንያት ነው።

እንግዲህ ተመልካቹ ራሱ የአዳራሹ የድምፅ መሣሪያ አካል ነው ማለት ነው። ጋቢና ካፖርት ለብሶ የመጣ ሕዝብ ስስ ልብስ ከለበሰው የበለጠ ድምፅ ይውጣል። ከሰዓት በኋላ በባዶ አዳራሽ ልምምድ ያደረገ ተዋናይ፣ ማታ ሕዝብ ሲሞላ ድምፁ ሌላ ሆኖ የሚያገኘውም ለዚህ ነው። ጥሩ የአዳራሽ ወንበር ይህን ልዩነት ያጠብባል፦ ጨርቁና ስፖንጁ፣ ሰው ቢቀመጥበትም ባይቀመጥበትም፣ የሚውጠው ድምፅ እንዲቀራረብ ሆኖ ይመረጣል።

ወንበር ሲበዛ

የሳቢን ስሌት መጀመሪያ የተፈተነው በቦስተን ሲምፎኒ አዳራሽ ነው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1900 የተከፈተው ይህ አዳራሽ በሳይንሳዊ የድምፅ ስሌት ተነድፎ የተሠራ የመጀመሪያው እንደሆነ ይነገርለታል። ከ2,600 በላይ ሰው ይይዛል፤ ከ100 ዓመት በኋላም በዓለም ምርጥ ከሚባሉት የሙዚቃ አዳራሾች ተርታ አልወጣም።

የኒው ዮርኩ ታሪክ ተቃራኒ ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 በሊንከን ማዕከል የተከፈተው የፊልሃርሞኒክ አዳራሽ ሲነደፍ፣ የድምፅ ባለሙያው ሊዮ ቤራኔክ የወንበሩ ቁጥር ከ2,400 እንዳይበልጥ መክሮ ነበር። ተጨማሪ ሰው ይያዝ የሚለው ግፊት አየለና ወንበሩ ከ2,600 አለፈ፤ የአዳራሹ ቅርፅም ከታሰበው ወጣ። በተከፈተ ማግስት ወቀሳው ጎረፈ። እ.ኤ.አ. በ1976 ውስጡ ፈርሶ እንደገና ተሠራ፤ ወቀሳው ግን አልበረደም። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2022 ዴቪድ ጌፈን አዳራሽ በሚለው የአሁን ስሙ ዳግም ሲከፈት፣ ለእድሳቱ 550 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበት ነበር። ከተደረጉት ለውጦች ዋናዎቹ ወንበሮቹን ከ2,738 ወደ 2,200 መቀነስና መድረኩን ወደ ተመልካቹ 7 ሜትር ተኩል ያህል ማስጠጋት ነበሩ። በዚያው እድሳት የመግቢያው አዳራሽ በእጥፍ ሰፋ፤ መጸዳጃ ቤቶችም ተጨመሩ። ለ60 ዓመት ቅሬታ የተሰጠው መልስ ወንበርን፣ ድምፅንና መስተንግዶን አንድ ላይ የነካ ነበር።

ዐይን የሚሄድበትን ጆሮም ይከተላል

የሰው ድምፅ፣ በተለይም ቃልን ከቃል የምንለይባቸው ቀጫጭን ድምፆች፣ በቀጥታ መስመር መሄድ ይወዳሉ። ወለሉ ሜዳ በሆነ አዳራሽ ድምፁ በፊተኞቹ ራስና ልብስ ላይ እየተሳበ ስለሚሄድ፣ አሥረኛው ረድፍ ጋ ሲደርስ ብዙው ተውጧል። የወንበር ረድፎች ራሳቸውም ከዝቅተኛው ድምፅ አንድ ክፍል እንደሚያጎድሉ እ.ኤ.አ. በ1964 የወጡ ጥናቶች አሳይተዋል። ስለዚህ ረድፉ ወደ ኋላ ከፍ እያለ መሄዱ ለዕይታም ለጆሮም ነው። የተዋናዩን ፊት የሚያይ ሰው ድምፁንም በቀጥታ ያገኛል፤ መድረኩ የተጋረደበት ሰው የሚሰማው በአብዛኛው ከግድግዳ ተመልሶ የመጣውን ነው።

የጥንት ግሪኮች ይህን በልምድ ያውቁት ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዓመት በተራራ ጥግ የተሠራው የኤፒዳውሮስ ቴአትር 55 የድንጋይ ረድፎች አሉት። የረድፎቹ ደረጃ ዝቅተኛውን ጉምጉምታ እያዳከመ የሰው ንግግርን እንደሚያሳልፍ እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ ጥናት ገልጿል። መሬት ላይ የወደቀች ሳንቲም እስከ ላይኛው ረድፍ ትሰማለች የሚለውን የአስጎብኚዎች ወሬ፣ ከአሥር ዓመት በኋላ የኔዘርላንድስ ተመራማሪዎች በመሣሪያ ፈትነው እንደሚባለው ሆኖ አላገኙትም፤ ድምፁ የሳንቲም መሆኑ የሚለየው እስከ ረድፎቹ አጋማሽ ብቻ ነው፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚናገር ተዋናይ ግን እስከ ላይ ይደርሳል።

በተዘጋ አዳራሽ ደግሞ ከባልኮኒው በታች፣ ወደ ኋላ ገባ ብለው ያሉት ወንበሮች ክፉ ቦታ ናቸው። ከላይ ያለው ወለል ከጣሪያ የሚመለሰውን ድምፅ ይከለክላቸዋል። የባልኮኒው ፊተኛ ረድፍ ግን ከመድረክ ቢርቅም ፊቱ ክፍት ስለሆነ ብዙ ጊዜ ጥርት ያለ ድምፅ ያገኛል።

ለንግግር ወይስ ለዜማ?

ለሁሉም የሚሆን አንድ ልክ የለም። ለንግግር ድምፅ በ1 ሰከንድ ገደማ ውስጥ ቢጠፋ ይመረጣል፤ ለሲምፎኒ ሙዚቃ 2 ሰከንድ ያህል ቢቆይ ያምራል። ለአማርኛ ቴአትር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በአማርኛ የፊደል መጥበቅና መላላት ትርጉም ይለውጣል፤ እንደ «ተ»ና «ከ» ባሉት ፊደላት ጠብቆ የሚነገረውን የምንለየው በመካከሉ ባለች እጅግ አጭር ዝምታ ነው። የአዳራሹ ርዝራዥ ያችን ዝምታ ከሞላት ቃሉ ይደበዝዛል። ሰምና ወርቅ ያለው ስንኝ ሲነገርማ አንዲት ፊደል ከጠፋች ወርቁ ከነሰሙ ይቀራል።

አዲስ አበባ ያሉ ቴአትር ቤቶቻችን ግን ከተከፈቱበት ጊዜ ጀምሮ ንግግርንም ዜማንም ያስተናግዳሉ። በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው የሀገር ፍቅር ቴአትር ዘፈንን፣ ውዝዋዜንና ድራማን አንድ ላይ ይዞ የተነሣ ነው። በ1948 ዓ.ም. ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የ25ኛ ዓመት የንግሥ በዓል የተከፈተው፣ ዛሬ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቴአትር የምንለው ቤት፣ በጣሊያን ዘመን ለሲኒማ የተጀመረ ሕንፃ ነበር። ፈረንሳዊው አርክቴክት አንሪ ሾሜት መልሶ ነደፈው፤ ድራማም ኦርኬስትራም የባህል ቡድንም በአንድ መድረክ ያስተናግድ ጀመር። ማሲንቆና ክራር በትንሽ ቤት፣ በቅርብ ለተቀመጠ አድማጭ የኖሩ መሣሪያዎች ናቸው። ከ1,000 ሰው በላይ ፊት ሲወጡ ያለ ድምፅ ማጉያ አይሆንላቸውም። ስለዚህ በእኛ አዳራሽ የድምፅ ባለሙያው ከተዋናዩና ከሙዚቀኛው እኩል የዝግጅቱ ባለቤት ነው።

የባሰው ችግር በየከተማው የሚሠራው ሁለገብ አዳራሽ ነው። ወለሉ ሴራሚክ፣ ግድግዳው መስታወት፣ ወንበሩ ፕላስቲክ ወይም ብረት፣ ወለሉ ደግሞ ሜዳ። ድምፅ የሚውጥ ነገር ስለሌለ ተናጋሪው አይሰማም፤ ያኔ የማጉያው ድምፅ ይጨመራል። ማጉያ ግን ርዝራዡንም አብሮ ያጎላል። መጮኹ ይጨምራል፤ ቃሉ ግን እንደ ደበዘዘ ይቀራል። መፍትሔው በሳቢን ትራሶች ውስጥ ነው፦ በኋለኛው ግድግዳ ላይ ወፍራም መጋረጃ፣ በመተላለፊያው ምንጣፍ፣ ጨርቅ የለበሰ ወንበር፣ ብዙ አነስተኛ ማጉያዎችን ወደ ሰው አስጠግቶ ዝቅ አድርጎ መክፈት። ይህ ሁሉ አዳራሹ ሲነደፍ ቢታሰብ ከኋላ ጥገናው በብዙ ይረክሳል።

መስተንግዶ የጸጥታ ሥራ ነው

ጥሩ አዳራሽ ትንሿን ድምፅ ያደርሳል፤ ስለዚህ ያልተፈለገውንም ያደርሳል። የሞባይል ጥሪ፣ የሚንጫጫ የላስቲክ ከረጢት፣ ከበሩ ውጭ የሚያወሩ ሰዎች፣ ከግድግዳው ጀርባ የሚያጉረመርም ጄኔሬተር፣ ሁሉም ከተዋናዩ ሹክሹክታ ጋር ይፎካከራሉ። አስተናጋጁ ይህን የሚከላከል ሰው ነው። ትኬት ላይ የወንበር ቁጥር መኖሩ፣ ረድፎቹ በጨለማ የሚነበብ ምልክት ማግኘታቸው፣ አርፍዶ የመጣ ሰው ትዕይንት እስኪለወጥ በር ላይ መቆየቱ፣ ሲገባም ባትሪው ወደ መሬት ዝቅ ብሎ መብራቱ፣ ለድምፅ የሚደረግ ጥንቃቄ ነው።

በጀርመን የባይሮይት ፌስቲቫል ቴአትር፣ ሪቻርድ ዋግነር እ.ኤ.አ. በ1876 የከፈተው ቤት፣ ይህን ሥርዓት እስከ ጥግ ወስዶታል። ትርኢቱ ሲጀመር በሮቹ ይዘጋሉ፤ ያረፈደ ሰው እረፍት እስኪሆን አይገባም። ወንበሮቹ ለድምፁ ሲባል ያለ ወፍራም ትራስ የተሠሩ ጠንካራ እንጨት ናቸው፤ ትርኢቱ ረጅም ስለሆነ ብዙ ሰው የራሱን ትራስ ይዞ ይመጣ ነበር። ሁሉም ቴአትር ቤት ባይሮይትን ይምሰል ማለት አይደለም። ሕፃን ያቀፈች እናት፣ ከሥራ በቀጥታ የመጣ ሠራተኛ፣ ደረጃ መውጣት የማይችል አዛውንት ሁሉ ቦታ ሊኖራቸው ይገባል። የመስተንግዶ ሙያ ያረፈደውን ሳያዋርድ፣ በሰዓቱ የመጣውንም ሳይበድል ሁለቱን ማስታረቅ ነው።

የተመልካች ቃል መለኪያ ነው

ቤራኔክ የዓለምን አዳራሾች ሲያጠና መሣሪያ ብቻ ይዞ አልዞረም፤ ዘወትር የሚቀመጡባቸውንና የሚጫወቱባቸውን ሰዎች፣ የኦርኬስትራ መሪዎችን፣ ሙዚቀኞችንና ሐያስያንን ጠየቀ፤ የሰዎቹን ቃል ከልኬቱ ጋር አስተያየ። በዚህ መንገድ ነው «ይሞቃል»፣ «ይደርቃል»፣ «ይርቃል» የሚሉ የአድማጭ ቃላት የልኬት አቻ ያገኙት።

ለእኛም የሚረዳን ይኸው ነው። ትኬት ስንቆርጥ ከመካከለኛው መስመር ሳንርቅ፣ ከመድረኩ እስከ 20 ሜትር ባለው ውስጥ፣ ከባልኮኒው ጥላ ወጣ ያለ ቦታ እንምረጥ፤ ፊትም ይታያል፣ ቃልም ይሰማል። ያልተመቸን ነገር ሲኖር «አዳራሹ አይሰማም» ብለን ብቻ አንለፍ፤ የትኛው ረድፍ፣ የትኛው ወንበር፣ ንግግሩ ነው ዘፈኑ፣ አዳራሹ ሞልቶ ነበር ወይስ ባዶ፣ ለይተን ለቤቱ እንንገር። ቴአትር ቤቱም አስተያየቱን በወንበር ቁጥር መዝግቦ ቢይዝ፣ በአንድ ወቅት ውስጥ የአዳራሹ የድምፅ ካርታ በነጻ በእጁ ይገባል፤ መጋረጃው የት እንደሚሰቀል፣ ማጉያው ወደ የት እንደሚዞር፣ የትኛው ወንበር በርካሽ መሸጥ እንዳለበት ያውቃል። ተመልካች ለትኬት ሲከፍል የሚገዛው የመቀመጫ ቦታ ብቻ አይደለም፤ ደራሲ የጻፈውንና ተዋናይ ያጠናውን እያንዳንዱን ቃል የመስማት መብት ነው። ይህን መብት ማክበር ከአርክቴክቱ ጀምሮ እስከ በር ጠባቂው ድረስ የሁሉም ሥራ ነው።