ብርድ ብቻ አይደለም፦ በደብረ ወርቅና አካባቢዋ ወቅቶች የምንተነፍሰውን አየር እንዴት ይለውጡታል?

«ብርድ መታኝ» የሚለው ቃል ሳል ወይም የትንፋሽ ማጠር ይዟቸው ከሚመጡ ታካሚዎች በብዛት የምንሰማው ነው። ቀዝቃዛ አየር አስምን ሊቀሰቅስ እንደሚችል እውነት ነው። ነገር ግን በጎጃም ደጋ ብርዱ ብቻውን አይመጣም፤ ጭስና አቧራም አብረውት አሉ። ጭሱ የሚከማችበት ቦታ ከወቅት ወቅት ስለሚለያይ የእርስዎም ጥንቃቄ አብሮ መለወጥ ይኖርበታል።

የቦታው አቀማመጥ

ደብረ ወርቅ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2500 ሜትር ከፍታ ላይ ትገኛለች። በምዕራብ በኩል የጮቄ ተራራ፣ በምሥራቅ በኩል ደግሞ የዓባይ ሸለቆ ይገኛሉ። በዚህ ከፍታ በአንድ ትንፋሽ የምናስገባው ኦክስጅን በባሕር ጠረፍ ካለው በሩብ ያህል ያነሰ ነው። ጤነኛ ነዋሪ ሰውነቱ ስለለመደው አይታወቀውም። የሳንባ ወይም የልብ ሕመም ያለበት ሰው ግን መጠባበቂያ አቅሙ ትንሽ ስለሆነ ጥቂት ጭስም ትንፋሹን ሊያሳጥረው ይችላል።

በበጋ፦ ጭሱ በሰፈሩ ላይ ይተኛል

ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ወራት ሌሊቱ ጥርት ያለ ስለሆነ መሬቱ ሙቀቱን ቶሎ ያጣል። ከመሬት አጠገብ ያለው አየር ቀዝቅዞ ይከብዳል፤ ከበላዩ ያለው ሞቅ ያለ አየር እንደ ክዳን ይገጥመዋል። ጠዋት ከየቤቱ የሚወጣው የእንጨትና የኩበት ጭስ ከፍ ብሎ መበተን አቅቶት በቤቶቹ ላይ ተኝቶ የሚታየው ለዚህ ነው። ቀዝቃዛ አየር ወደ ዝቅተኛ ቦታ ስለሚወርድ ረባዳ ቦታ ላይ ያሉ ቤቶች ይበልጥ ይታፈናሉ። ፀሐይ መሬቱን ስታሞቅ ጭሱ ይበተናል።

በዚሁ ወቅት የጤፍና የስንዴ ውቂያ አለ። የእብቁና የገለባው ብናኝ አስም ላለበት ሰው ከባድ ነው። ዝናብ ስለሌለም የጥርጊያ መንገዱ አቧራ መኪና ባለፈ ቁጥር ይነሣል።

በክረምት፦ ጭሱ ቤት ውስጥ ይገባል

ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናቡ የውጭውን አየር ያጥበዋል። ችግሩ ወደ ቤት ይዞራል። እንጨቱና ኩበቱ እርጥብ ስለሚሆኑ በደንብ አይነዱም፤ ጭሳቸው ይበዛል። ብርዱንና ዝናቡን ለመከላከል በርና መስኮት ይዘጋል። በዚህ ምክንያት የውጭው አየር ንጹሕ በሆነበት ጊዜ በማድ ቤት ውስጥ ያለው አየር በዓመቱ ውስጥ ከሁሉ የከፋ ሊሆን ይችላል።

ጉዳዩ ቀላል አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. በቤት ውስጥ አየር ብክለት ምክንያት በዓለም 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች እንደሞቱ ይገምታል፤ ከነዚህ ውስጥ ከ237 ሺህ በላይ የሚሆኑት ከ5 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ናቸው።

የከሰል ፍም

ከሰሉ ከፋመና ጭሱ ካቆመ ጉዳት የለውም ብለው አያስቡ። ፍሙ ሽታም ቀለምም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ መርዛማ ጋዝ ያወጣል። በተዘጋ ክፍል ውስጥ የተኛ ቤተሰብን እንደተኛ ሊገድል ይችላል። ከመተኛትዎ በፊት ማንደጃውን ከቤት ያውጡ። ከሰል ባለበት ክፍል ራስ ምታት፣ ማዞር ወይም ማቅለሽለሽ ከተሰማዎ ሁሉም ሰው ወዲያውኑ ወደ ውጭ ይውጣ፤ ከዚያም ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ።

ምን ማድረግ ይችላሉ?

• በበጋ የአስም ወይም የልብ ሕመም ካለብዎ የተቻለዎትን ያህል ፀሐይ ሞቅ እስክትል ከቤት ለመውጣት ይቆዩ፤ ሲወጡም አፍና አፍንጫዎን በነጠላ ወይም በሻርፕ ይሸፍኑ። ይህ አየሩን ያሞቀዋል፤ ጭሱን ግን አያስቀርም።
• በውቂያ ጊዜ ነፋሱ ብናኙን ወደ እርስዎ በማያመጣበት በኩል ይቁሙ።
• ለክረምት የሚሆነውን እንጨት በበጋ ፈልጠው፣ አድርቀው፣ ዝናብ በማይነካው ቦታ ያከማቹ።
• ማድ ቤቱ ከመኝታው ቢለይ ይመረጣል። ካልተቻለ በሚጋግሩበት ጊዜ በርና መስኮት ይክፈቱ፤ ከጣሪያው ሥር የጭስ መውጫ ያብጁ።
• ሕፃን አዝለው እንጀራ አይጋግሩ፤ ሌላ ሰው ይያዝልዎ።
• «ምርጥ» የተባለው የእንጀራ ምድጃ እንጨት ይቆጥባል፤ ነገር ግን የጭስ መውጫን አይተካም።
• በሐኪም የታዘዘልዎትን የአስም መድኃኒት ስለተሻለዎ ብቻ አያቋርጡ።

መቼ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ?

ሳል ከ2 ሳምንት በላይ ከቆየ «የጭስ ነው» ብለው አይተዉት፤ የቲቢ ምርመራ ያስፈልገዋል። ዓረፍተ ነገር መጨረስ የሚከለክል የትንፋሽ ማጠር ወይም የከንፈር መጥቆር ካለ በአስቸኳይ ይሂዱ።

ሕፃን ልጅ ሲተነፍስ የጎድኑ ሥር ወደ ውስጥ ከገባ ወይም መጥባትና መጠጣት ካቃተው ሳይውል ሳያድር ይውሰዱት። ልጁ ሳያለቅስ ትንፋሹን አንድ ሙሉ ደቂቃ ይቁጠሩ፦ ከ2 ወር በታች 60፣ ከ2 እስከ 11 ወር 50፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት 40 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ የሳንባ ምች ሊሆን ስለሚችል በዕለቱ መታየት አለበት።