የአንድ ሰዓት በረራ፣ የሙሉ ቀን ቀጠሮ

ከድሬዳዋ አዲስ አበባ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ገደማ ነው። የድሬ ሰው ግን ለዚች አንድ ሰዓት ሙሉ ቀን መመደብ ከጀመረ ቆይቷል። በጠዋት የሚበር ነጋዴ ለከሰዓት በኋላ ቀጠሮ አይዝም፤ ከሰዓት በኋላ የሚበርማ ጉዳዩን ለማግሥቱ ያሳድረዋል። ልጁን ከቦሌ ወደ ውጭ የሚሸኝ ቤተሰብ በዕለቱ በረራ አይተማመንም፤ በዋዜማው ልኮት አዲስ አበባ ዘመድ ቤት ያሳድረዋል። ይህን እንደ ቅሬታ የሚያቀርበው ሰው ጥቂት ነው። የኑሮው አካል ሆኗልና።

የአገር ውስጥ በረራ መዘግየትና መሰረዝ ጎንደርም ጅማም መቀሌም የሚነሳ ጉዳይ ነው። ድሬዳዋ ላይ የሚከብደው አውሮፕላኑ ሲቀር የሚተካው ስለሚያጥር ነው። የሚገርመው ደግሞ ከተማዋ ራሷ የትራንስፖርት ልጅ መሆኗ ነው፤ በ1895 ዓ.ም. የምድር ባቡሩ ሐዲድ ከጅቡቲ ተነስቶ እዚህ ሲደርስ የተቆረቆረች፣ ሐዲዱ አዲስ አበባ እስኪገባ ድረስም ለዓመታት የመስመሩ መጨረሻ የነበረች። ያ ባቡር አርጅቶ ቆመ። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በ2009 ዓ.ም. ተመርቆ በ2010 ዓ.ም. መደበኛ ሥራ ጀመረ። ነገር ግን አዲስ አበባ ላይ መነሻው የከተማው ዳር ፉሪ ለቡ ነው፤ የድሬዳዋ ጣቢያውም ከመሐል ሰፈሮቹ ከከዚራና ከመጋላ ርቆ ከከተማው ወጣ ብሎ ነው የተሠራው። መንገደኛ የሚጭነውም በየሁለት ቀኑ ነው። ዛሬ በረራ የተሰረዘበት ሰው ባቡሩ ዛሬ ካለ ዕድለኛ ነው፤ ቢኖርም የስረዛው መልእክት ሳይደርሰው ሄዶ ሊሆን ይችላል።

የቀረው መኪና ነው። የደንገጎን ዳገት ወጥቶ በቁልቢ፣ በጭሮ፣ በሚኤሶና በአዋሽ የሚያልፈው መንገድ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን፣ ጎህ ሳይቀድ የተነሳ አውቶቡስ ቀኑን ይፈጅበታል። በ2017 ዓ.ም. አዋሽና ፈንታሌ አካባቢ መሬቱ በተደጋጋሚ ሲንቀጠቀጥ፣ አስፋልቱም ሲሰነጠቅ፣ ምሥራቁ ከመሐል አገር የተያያዘበት ክር ምን ያህል ቀጭን እንደሆነ ሁሉም አይቷል። ከድል ጮራ ሆስፒታል ሪፈር ተጽፎለት አዲስ አበባ የሚጠበቅ ታማሚ፣ በ2014 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው የድሬዳዋ ነፃ የንግድ ቀጠና ውል ሊፈርም የሚመጣ ነጋዴ፣ ለቅሶ የሚደርስ ዘመድ፣ ሁሉም ዓይኑ አውሮፕላኑ ላይ ነው።

አውሮፕላኑ ለምን ይዘገያል? እዚህ ላይ መንገደኛውና ባለሙያው ሁለት የተለያየ ነገር ያያሉ።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ በአገር ውስጥ መስመሮቹ ላይ በብዛት የሚያሰማራው፣ ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ የገባውን ከ70 በላይ ሰው የሚጭነውን ባለ ፕሮፔለር ኪው 400 ነው። ድሬዳዋ እንደ ፍላጎቱ ቦይንግ 737ም ይመጣላታል። አንድ ኪው 400 በቀን አንዴ በርሮ አያርፍም። ለምሳሌ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከቦሌ ወደ ባሕር ዳር የሚነሳ አውሮፕላን እንውሰድ። ተመልሶ ጅማ ደርሶ ይመጣል፤ ከዚያ ድሬዳዋ፤ ከዚያ ሌላ ከተማ። ጠዋት ባሕር ዳር ላይ ጉም ወርዶ 40 ደቂቃ ቢጠብቅ፣ ያቺ 40 ደቂቃ ጅማ ላይ አንድ ሰዓት ትሆናለች፤ ቦሌ ላይ ማቆሚያ ቦታ በመጠበቅ ሌላ ሩብ ሰዓት ይጨመርባታል። የድሬዳዋው መንገደኛ ታዲያ ቅንጣት ደመና የሌለበትን ሰማይ እያየ "በአየር ጠባይ ምክንያት" ይባላል። ሳቁ ይመጣበታል። አልዋሹትም፤ ጉሙ ግን የወረደው እሱ በማያየው ሰማይ ነው። ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር የሚነግረው ሰው ቢኖር ግማሹ ቁጣ ይበርድ ነበር።

መዘግየቱ ሲደራረብ ደግሞ የአብራሪዎቹ ሰዓት ያልቃል። አንድ የበረራ ቡድን በቀን የሚሠራበት ሰዓት ለደህንነት ሲባል በሕግ የተገደበ ነው፤ የጠዋቱ 40 ደቂቃ የማታውን በረራ ሊሰርዝ የሚችለው በዚህ በኩል ነው። የድሬ ሙቀትም የራሱ ድርሻ አለው። ሞቃት አየር ስስ ነው፣ አውሮፕላንን የማንሳት አቅሙ ይቀንሳል፤ ጠራራ ላይ የሚነሳ ጄት አንዳንዴ ጭነት እንዲያቃልል የሚገደደው ለዚህ ነው። በዚህ ላይ የመለዋወጫው ጉዳይ አለ። ከኮቪድ ወዲህ የሞተርና የመለዋወጫ አቅርቦት በመላው ዓለም ተጓቷል፤ የኪው 400 አምራች የሆነው የካናዳው ደ ሃቪላንድም እ.ኤ.አ. በ2021 አዲስ ማምረት አቁሟል። አንድ አውሮፕላን ሲበላሽ እንዲተካ ሌላውን አቁሞ ማስጠበቅ ውድ ነገር ነው።

በቴክኒክ ችግር የቆመ አውሮፕላን ላይ ማንም አስተዋይ ሰው አይቆጣም። ከመቅረት መዘግየት ይሻላል የሚለው አባባል ከሁሉም በላይ ለአየር ጉዞ የሚሠራ ይመስለኛል። የመዘግየቱ ምክንያት አየርም ሞተርም ያልሆነበት ጊዜም አለ። በ2010 ዓ.ም. ነሐሴ የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪዎች የሥራ ማቆም አድማ መትተው ነበር። ከዚያ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ ጅግጅጋ ስትታመስ ወደዚያ የሚደረገው በረራ ተቋርጧል። መቀሌም በ2013 ዓ.ም. ከተጀመረው ጦርነት በኋላ መደበኛ በረራ ያገኘችው በ2015 ዓ.ም. ታኅሣሥ 19 ነው። እንዲህ ያለውን መንገደኛው ይረዳል። የሚያንገበግበው ተራው ቀን ነው።

ተራውን ቀን ለማየት መነሻ አዳራሽ ውስጥ መቀመጥ ይበቃል። መጀመሪያ ስልኮች በየተራ ይጮኻሉ። አንዱ መልእክቱን ጮክ ብሎ ያነበዋል፤ "በኦፕሬሽን ምክንያት" የሚለው ላይ ሲደርስ ከኋላ ሳቅ ይሰማል። ለአዲስ አበባ ዘመድ ሐላዋና ሙሸበክ የያዙ እናቶች ካርቶኑን ከጭናቸው ወለሉ ላይ ያወርዱታል፤ ይህ መቆየታቸውን አምነው የተቀበሉበት ምልክት ነው። ስብሰባ የሚጠብቀው ሰውዬ ተነስቶ ይንጎራደዳል። በመጨረሻ አንዱ ወደ ጠረጴዛው ይጠጋል፤ "አንተ! እውነቱን ንገረን፣ ሰው ስላልሞላ ነው አይደል?" ድሬ ላይ "እርስዎ" ብዙም አይሠራም፤ ቁጣውም ፍቅሩም በ"አንተ" ነው። ጠረጴዛው ላይ ያለው ልጅ የሚያውቀው ስክሪኑ ላይ ያለውን ብቻ ነው። "በኦፕሬሽን ምክንያት" ብሎ ይደግመዋል።

"ሰው ስላልሞላ ነው" የሚለው ጥርጣሬ ከማንኛውም ይፋዊ ማብራሪያ በላይ ይታመናል። አንድ በረራ ተሰርዞ ከሌላው ጋር ሲዋሃድ ያየ ሰው፣ ሌላ ጊዜ እውነተኛ ብልሽት ቢገጥምም አያምንም። ጥርጣሬውን ትክክል ነው ወይም አይደለም ለማለት የየመስመሩ የሰዓት አክባሪነት መዝገብ በይፋ መታየት አለበት። ሕንድ ውስጥ የሲቪል አቪዬሽን ተቆጣጣሪው የየአየር መንገዱን ሰዓት አክባሪነት በየወሩ ያወጣል፤ ስንት በረራ እንደተሰረዘና በምን ምክንያት እንደሆነ ጭምር። በአቪዬሽኑ ልማድ ከ15 ደቂቃ በታች የቆየ በረራ እንደዘገየ ስለማይቆጠር መለኪያው ራሱ ለጋስ ነው። ለጋሱን መለኪያ እንኳ መንገደኛው ቢያየው ሐሜቱ ወይ ማስረጃ ያገኛል ወይ ይሞታል።

በሌላ ዘርፍ ቢሆን ደንበኛ ሲማረር ወደ ጎረቤት ሱቅ ይሄዳል። እዚህ ጎረቤት ሱቅ የለም። የቀድሞው የኢንቨስትመንት አዋጅ ከ50 በላይ መቀመጫ ባለው አውሮፕላን ሰው ማጓጓዝን ለመንግሥት ብቻ ከልሎት ነበር፤ የግሎቹ ኩባንያዎች ያደጉት በትናንሽ አውሮፕላንና በቻርተር ነው። በ2009 ዓ.ም. ደግሞ የኤርፖርቶች ድርጅት ከአየር መንገዱ ግሩፕ ጋር ተዋሃደ። ስለዚህ በረራው የእሱ፣ የመነሻ አዳራሹ የእሱ፣ ሻንጣ የሚጭነው የእሱ፣ ቅሬታ የሚቀበለውም ጠረጴዛ የእሱ ነው። ይህን የምለው አየር መንገዱን ለማጣጣል አይደለም። በ1938 ዓ.ም. ተመሥርቶ ስንት መንግሥት ሲወጣ ሲወርድ ሳይወድቅ የአፍሪካ ትልቁ የሆነ ተቋም ነው። ግን ብቻውን የሚሮጥ ሯጭ ሰዓቱን የሚይዝለት ሌላ ሰው ያስፈልገዋል። ያ ሰው የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ነው።

አሁን ወደ ሕጉ እንምጣ፤ ከሁሉም የሚገርመው ያለው እዚያ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው የአውሮፓ ኅብረት ደንብ ቁጥር 261 ከአውሮፓ ኅብረት አገር የሚነሳን ማንኛውንም አየር መንገድ ይገዛል፣ የእኛንም ጨምሮ። ከፍራንክፈርት አዲስ አበባ ከ3,500 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ፣ በአየር መንገዱ ጥፋት ብዙ ሰዓት ዘግይቶ የደረሰ መንገደኛ እስከ 600 ዩሮ ካሣ መጠየቅ ይችላል። የኅብረቱ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 አንድ ነገር ጨመረበት። ከበርሊን በካዛብላንካ በኩል አጋዲር በአንድ ትኬት የሄደች መንገደኛ በሞሮኮ ምድር፣ በሞሮኮ አየር መንገድ በተፈጠረባት መዘግየት በደንቡ ትሸፈናለች ብሎ ፈረደ፤ በአንድ ትኬት የተቆረጠ ጉዞ ከመነሻው እስከ መድረሻው አንድ በረራ ነው በሚል። ይህን ወደ እኛ እናምጣው። ፍራንክፈርት የምትኖር የድሬ ልጅ ከፍራንክፈርት ድሬዳዋ በአንድ ትኬት መጥታ፣ ከቦሌ ድሬዳዋ ያለው በረራ በአየር መንገዱ ጥፋት ለግማሽ ቀን ቢዘገይባት ካሣ የመጠየቅ መብት አላት። አጠገቧ የተቀመጡት፣ ትኬታቸውን አዲስ አበባ የቆረጡት እናቷ ግን በአንድ አውሮፕላን፣ በአንድ መዘግየት፣ ባዶ እጃቸውን ይገባሉ።

የአገራችን ሕግ ዝም አላለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ በሦስተኛው መጽሐፉ የአየር ማጓጓዝን ይዟል፤ አጓጓዡም በመዘግየት ለሚደርስ ጉዳት የሚጠየቅበት አሠራር አለው። ችግሩ መንገደኛው ጉዳቱን በማስረጃ አስደግፎ ፍርድ ቤት መሄዱ ነው። ለአምስት ሰዓት መዘግየት ጠበቃ የሚቀጥር ማን ነው? ሕንድ ይህን ያቃለለችው በታሪፍ ነው። በረራው ያለ በቂ ማስታወቂያ በአየር መንገዱ ጥፋት ሲሰረዝ፣ እስከ አንድ ሰዓት ለሚፈጅ በረራ ካሣው እስከ 5,000 ሩፒ ነው። የአዲስ አበባና የድሬዳዋ ዓይነት ርቀት ማለት ነው። ሕንድም ሀብታም አገር አይደለችም።

ታሪፍ የማይተምነውም ነገር አለ። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 የቁልቢ ገብርኤል ነው፤ ከመላ አገሪቱና ከውጭ የሚጎርፈው ስለተኛ ብዙው በድሬዳዋ በኩል ነው የሚያልፈው፤ ተጨማሪ በረራም ይመደብለታል። ስለት ያለባት ሴት የዋዜማው በረራ ተሰርዞ ታኅሣሥ 20 ድሬዳዋ ብትደርስ የትኬት ዋጋ መመለሱ ምን ይፈይድላታል? ክብረ በዓሉ አይጠብቃትም። በነገራችን ላይ የአውሮፕላን ማረፊያው ሙሉ ስም አባ ጤና ደጃዝማች ይልማ ነው፤ ደጃዝማቹ ቁልቢን ያሠሩት የራስ መኮንን ልጅ ነበሩ። በልጁ ስም በተጠራው ማረፊያ ወርዶ የአባትየው ደብር ለመድረስ የሚሄድ ሰው ቢያንስ ከሦስት ቀን በፊት እውነቱ ሊነገረው ይገባል።

ስለዚህ ለሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን የምለው አጭር ነው። ለአገር ውስጥ መንገደኛ በስንት ሰዓት መዘግየት ምን እንደሚገባው፣ ምግቡም መኝታውም ተመላሽ ገንዘቡም ካሣውም፣ በሰዓትና በብር ተቆርጦ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማልኛ እያንዳንዱ ቼክ ኢን ጠረጴዛ ላይ ይለጠፍ። የየመስመሩ የመዘግየትና የስረዛ ቁጥር በየወሩ ከነምክንያቱ ይውጣ። "በኦፕሬሽን ምክንያት" የሚለው ቃል ምክንያት ሆኖ መቆጠሩ ይቅር።

እስከዚያው ለመንገደኛው ሁለት ነገር። የውጭ ጉዞ ካላችሁ የድሬዳዋውን በረራ ከዋናው ጋር በአንድ ትኬት ቁረጡት፤ ኢትዮጵያ የተቀበለችው የሞንትሪያል ስምምነት ለመዘግየት ጉዳት የሚሰጠው ጥበቃ የአገር ውስጡንም እግር አብሮ የሚያቅፈው ያን ጊዜ ነው፤ ክስ የማቅረቢያው ጊዜም ሁለት ዓመት ነው። የስረዛውን የስልክ መልእክት አታጥፉ፤ ቦርዲንግ ፓሳችሁንም አትጣሉት።